በመጀመሪያዋ መኪና ፊት የታሰረው ቀይ አበባ

እስከ ዘንድሮ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ እዚህ ቻይና ፋብሪካችን የሠራትን የመጀመሪያዋን የጭነት መኪና ዳገት ላይ ያስቀራት የውሃ ፓምፕ አይደለም። እኔ ሰፍቼ ፊቷ ላይ ያሰርኩት ቀይ አበባ ነው። ጥፋቱ ግን በባሌ ታናሽ ወንድም በሉዎ ሹንጌን ስም ተጻፈ። እኔም ዝም ብቻ አላልኩም። ተጠይቄ ዋሽቻለሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ዘንድሮ ከሹንጌን ልጅ ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። እኔ የምጽፈውን ሁልጊዜ ከመላኬ በፊት ገልብጬ አስቀራለሁ፤ በጉልምስናው ፊደል የቆጠረ ሰው ስህተቱን ደጋግሞ ማየት ይወዳል። ምንም አልቀነስኩም። የሸሸሁባቸውንም ቦታዎች እንደነበሩ ትቻቸዋለሁ።

ጋርዳያ፣ አልጄሪያ
ማርች 2009

ለተከበሩት ትልቋ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ከፊትዎ ተቀምጬ ሻይ እየቀዳሁልዎት እንደሆነ ይቁጠሩልኝ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የሸለቆው ብርድ ለቀቀ? ስልክ ብደውል ጆሮዎ እንደሚያስቸግርዎት ስለማውቅ ነው የምጽፈው። አባቴም “የወንድሜ ሚስት ከጆሮዋ ይልቅ ዓይኗን ታምናለች” ይላል።

እኔ ደህና ነኝ። የፋብሪካችን መኪኖች እዚህ በብዛት ስለገቡ የጥገና ጋራዡን በኃላፊነት ሰጥተውኛል። ሥራው ከአሸዋና ከሙቀት ጋር ነው። ሾፌሮቹ ስሜን መጥራት አቅቷቸው “ሸንኮራ” በሚመስል ነገር ይጠሩኛል፤ ሉዎ ሼንግ ነኝ ማለት ከተውኩ ቆየሁ።

የምጽፍልዎት ለአንድ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለሆነ የታሪክ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። ረቂቁን ውጭ አገር ላለነውም ላኩልን። ሰሌን ዳሶቹ አሉ፣ ተራራ ለተራራ የተበተኑት ክፍሎች አሉ፣ ወደ ሜዳው ከተማ መዛወሩ አለ፣ አሁን ስንት አገር እንደምንሸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። “የመጀመሪያዋ መኪና ለአገር ምሥረታ በዓል የምሥራች ይዛ ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ስትጓዝ፣ ሉዎ ሹንጌን የተባለ መካኒክ የገጠመው የውሃ ፓምፕ ጉድለት ስለነበረበት ሞተሯ ዳገት ላይ ነከሰ፤ ተቃጥሎ አልዞር አለ” ይላል። በዚያ ሁሉ ገጽ የአባቴ ስም ያለው እዚህ ቦታ ብቻ ነው።

ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው። “በዓይኑ ያየ ሰው አምጣና እናርመዋለን፤ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ግን ፍጠን” አሉኝ። መኪናዋን የነዱት ትልቁ አባቴ በሕይወት የሉም። የእርስዎ ባል፣ የአባቴም ወንድም ስለነበሩ ምናልባት ቤት ውስጥ ያወሩት ይኖራል። ከዚያ ሰሞን ሰዎች እኔ የማውቀው የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አባቴ ጥፋት ካለበት ይኑርበት፤ ግን እርግጡን ማወቅ እፈልጋለሁ። እሱ አርጅቷል።

ጤናዎ ይጠበቅልኝ።

ልጅዎ ሉዎ ሼንግ

ከሸለቆው
የመቃብር ጠረጋ ሰሞን፣ ኤፕሪል 2009

ለልጄ ለሼንግ፣

በሩቅ አገር ውለህ የምትገባበት ቤት ሰላም ይሁን፤ የምትበላው ይስማማህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ የትልቁን አባትህን መቃብር ጠርጌ፣ ሣሩን ነቅዬ በተመለስኩበት ቀን ነው። ጉልበቴ ዳገት ላይ ይቆጣኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ስለ ድሮው ጠይቀኸኛል። እኛ ስንመጣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ፋብሪካ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ብርድ ልብሱን በጀርባው አዝሎ ከሰሜን በባቡር፣ ከዚያ በእግር መጣ። አንድ አዲስ ሠራተኛ ከጭቃው መሃል ቆሞ “ፋብሪካው የት ነው?” ሲል፣ አባትህ “ቀስ በል፣ ረግጠኸዋል” አለው። ያን ጊዜ አባትህ ቀልደኛ ነበር። ግድግዳው ሰሌን፣ ጣራው ሰሌን፤ ዝናብ ሲመጣ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍነን እኛ እንበሰብሳለን። ክፍሎቹ የጠላት አውሮፕላን እንዳያያቸው በየሸለቆው ተበትነው ስለነበር፣ ሞተሩ አንድ ተራራ ሥር ተሠርቶ ጋቢናው ሌላ ተራራ ሥር ይጠብቀዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሰው ትከሻ ነበር።

እኔ ወንበርና ሸራ የሚሰፋበት ክፍል ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የተማርኩት ከዕቃ ሳጥኖች ላይ ነው፤ “ወደ ላይ”፣ “እንዳይረጥብ”፣ “በጥንቃቄ ይያዝ”። ትልቁ አባትህ “ሚስቴ ሳጥን ካልሆነ አታነብም” እያለ ይስቅብኝ ነበር። ኋላ ጋዜጣም መጽሐፍም አነበብኩ፤ ሳቁን ግን አልተወም።

ስለዚያች መኪና ጉዞ ትልቁ አባትህ ብዙ አላወራም። እኔም የስፌት ሰው ነበርኩ፤ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ።

የደረቀ እንጉዳይና የተፈጨ ቃሪያ ልኬልሃለሁ። ከሾፌሮችህ ጋር ተካፈል። ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ትልቋ እናትህ ፋን ሳንሜይ

ጋርዳያ
ሜይ 2009

ለተከበሩት ትልቋ እናቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እንጉዳዩ ደረሰኝ። ቃሪያውን የቀመሰ ሾፌር ውሃ ፍለጋ ጋራዡን ሦስቴ ዞረ፤ እስካሁን አላናገረኝም።

የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። ቡአላም የሚባል ሾፌራችን እህቱን ዳረ። እዚህ በሰርግ ቀን መኪና አበባና ጨርቅ ይለብሳል። እሱ ከሁሉም በልጦ ለመታየት ያን ትልቅ የጭነት መኪናችንን የእናቱን ምንጣፍ ከፊት አልብሶ፣ ዘመዱን ሁሉ ከኋላ ጭኖ ሙሽሮቹን ተከተለ። እዚህ ያለውን የሸለቆ ዳገት ሲወጣ መኪናዋ ፈላችበት። ደወለልኝ።

“ና እንጂ ቻይናዊው፣ ሞተርህ ሰርግ አይወድም።”

“ምን አደረግካት?”

“ምንም። ልብስ ነው ያለበስኳት።”

ደርሼ ምንጣፉን ገፈፍኩት። “አንተ አፍንጫህ በምንጣፍ ታፍኖ ዳገት ብትወጣ ትዘፍናለህ?” ስለው ሰርገኛው ሁሉ ሳቀበት። እናቱ ግን ምንጣፏን ከመሬት አንስታ የተቆጣችው እኔን ነው። ራዲያተሩ ነፋስ ሲያገኝ ሞተሩ በረደና እየጨፈሩ ሄዱ።

ይስቅልኛል ብዬ ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። አልሳቀም። “ሞተሩ ነከሰ?” አለኝ። በጊዜ ደርሼበታለሁ ስለው “ጥሩ እጅ አለህ” ብሎ ዘጋው። አባቴ ስለ ሞተር ከተናገረኝ ሁሉ ረጅሙ ይሄ ነው። ልጅ ሆኜ የጉድጓዳችን ፓምፕ ሲበላሽ ጎረቤት እየሄድኩ መካኒክ የምጠራው እኔ ነበርኩ። አባቴ ቆሞ ያያል እንጂ መፍቻ አይነካም። እናቴ “የሞተር ሰው አገባሁ ብዬ ነበር፣ ለካ የበቅሎ ሰው ነው” ትለዋለች።

ስለ መኪናዋ የሚያስታውሱት ነገር ቢኖር፣ ትንሽም ቢሆን፣ እባክዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሼንግ

ከሸለቆው
የጁን መጨረሻ 2009

ለልጄ ለሼንግ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። አሞኝ ነበር ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አነሳሁና ተውኩት፤ አላመመኝም።

የምንጣፉን ታሪክ ደጋግሜ አነበብኩት።

ለታሪክ መጽሐፉ የሚሆን ነገር ከፈለግህ ይህንን ንገራቸው። በሰማንያዎቹ መንግሥት መኪናችንን መግዛት ሲቀንስ ግቢው በማይሸጥ መኪና ሞላ። ድስት ሠራን፣ የብረት አልጋ ሠራን። መሐንዲሶቹ መኪናዎቹን ራሳቸው እየነዱ ገበያ ለገበያ ዞረው፣ ለገበሬ በቅሎ እንደሚያሻሽጥ ሰው ጥርሷን እዩ፣ እግሯን እዩ እያሉ ሸጡ። ፋብሪካውን ያተረፈው ያ ነው። ከዚያ ሀብታም ሆነና ወደ ሜዳው ወረደ። እዚህ የቀረነው ጡረተኞችና ፍየሎች ነን።

ሰባ ዘጠኝ ላይ፣ በዚያች መኪና ዘመን በግፍ ተቀጥተው በረሃ የተላኩትን ሲመልሱ፣ ለአባትህም ና ብለው ጻፉለት። አልመጣም አለ። እኔና ትልቁ አባትህ ቂም ይዞ ነው ብለን ነበር። ሞተር የማይነካው ለምን እንደሆነ ለአንተ ነግሮህ ያውቃል?

ፋን ሳንሜይ

ጋርዳያ
ጁላይ 2009

ለተከበሩት ትልቋ እናቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጥያቄዎን ለአባቴ አቀረብኩለት። ብዙ ጊዜ ጠይቄው ያልመለሰውን እርስዎ ጠየቁ ስለው መለሰ። የተናገረውን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ።

“ያን ፓምፕ ገጥሜ ስጨርስ በእጄ አዙሬዋለሁ። እንደ ቅቤ ይዞር ነበር። ሞተሩ ግን ነከሰ። ፓምፑ ፊቴ ሲፈታ ተቃጥሎ አየሁት። ስለዚህ ደህና ነው ያለኝ እጄ ዋሽቶኛል ማለት ነው። የሚዋሽ እጅ ይዤ ሰው የሚሳፈርበትን ነገር አልነካም። ቢጠሩኝም ያልሄድኩት ለዚህ ነው።”

ቂም የለውም። የእናንተ ስም ሲነሳ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ “ወደ በረሃው ስሄድ ያላቸውን አንድ ብርድ ልብስ ሰጥተው ሸኙኝ።”

አዘጋጆቹ እስከ ኦገስት መጨረሻ ጠብቀን እናትማለን ብለዋል። ትልቋ እናቴ፣ የማያውቁት ከሆነ “አላውቅም” ብለው ይጻፉልኝና ሁለተኛ አላስቸግርዎትም።

ልጅዎ ሼንግ

ከሸለቆው
ኦገስት 2009

ልጄ፣

ሰላምታ ማስቀደም አፍሬ ተውኩት። አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ።

መኪናዋ ለበዓሉ እንድትደርስ አባትህ እንቅልፍ ሳይተኛ ሞተሩን ገጠመ። ጎህ ሲቀድ አስረክቦ፣ ዳሱ ውስጥ በጨርቅ ክምር ላይ ወደቀና ተኛ። መኪናዋ ስትወጣ አላየም።

ለእኔ ቀይ ሳቲን ተሰጥቶኝ ማንም ሠርቶት የማያውቅ አበባ ሥሪ ተብዬ ነበር። መኪና ላይ አበባ የሚታሰረው በኮፈኑ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ነው። እንደዚያ አሰርኩት። ትልቁ አባትህ ጋቢና ገብቶ “መንገዱን ልይ ወይስ አበባውን?” አለ፤ በጣም ትልቅ ስለነበር ይሸፍነዋል። የቅስቀሳ ኃላፊው ሳቀና “የሚቀበለን ሕዝብ የሚቆመው ከፊት ነው፤ ወደ ፊቷ አውርዱት” አለን። አወረድኩት። ከሰፌድ ይሰፋ ነበር፤ ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረብኩ የሰፋሁት ነው። ራዲያተሩን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። የተረፈውንም ጨርቅ ነፋስ እንዳያንቀሳቅሰው በጎንና በጎን ጠቅጥቄ አሰርኩት። ከኋላው ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። የእኔ እጅ ሥራ ከሁሉም ፊት ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነው። ትልቁ አባትህ ሾፌር ነው፣ ማወቅ ነበረበት። ኋላ “አበባሽን ሳይ ራዲያተሩን ረሳሁት” አለኝ።

ዳገቱ ላይ መፍላት ስትጀምር ከበሮ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ ትልቁ አባትህ ለመቆም አፈረ። ገፋባት። ነከሰች። ወርዶ ሲያይ ገባው። አበባውን ፈታና ወንበር ሥር ከተተው። መኪናዋ በትራክተር ተጎትታ ስትመለስ ፊቷ ባዶ ነበር።

ጥፋተኛውን ለመፈለግ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሁላችንም ባለንበት ተጠየቅኩ። “አበባው የት ነበር የታሰረው?” አባቴ መሬት የነበረው ሰው መሆኑን ፋብሪካው ያውቃል። የባለ መሬት ልጅ ሆን ብላ አፈነቻት እንደሚሉኝ ታየኝ። አውርዱት ያለው ኃላፊ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ወረቀቱን ያያል፤ ሲወርድ ያዩት ሌሎችም እሱን ፈርተዋል። ባሌ መሬት መሬት ያያል። በቀጥታ የሚያየኝ አባትህ ብቻ ነበር።

“ኮፈኑ ላይ፣ እንደ ወትሮው” አልኩ።

አባትህ አመነኝ። ራሱን ነቀነቀና “እንግዲያው ፓምፑን ፍቱልኝ፣ ልየው” አለ። ያን ያህል ሙቀት ያገኘው ፓምፕ ተቃጥሎ ነበር። ሞተሩ ስለተቃጠለ ተቃጠለ እንጂ ሞተሩን ያቃጠለው እሱ አልነበረም። ግን እንደዚያ ተጻፈ።

ትልቁ አባትህ “የእሱ ዘር ድሃ ነው፤ ተግሣጽ ሰጥተው ይተዉታል” አለኝ። በረሃ ይልኩታል ብለን አላሰብንም። ሲልኩት ግን አልተናገርንም። ብርድ ልብስ ሰጠነው።

እስካሁን የኖርኩት ሹንጌን እውነቱን ያውቃል፣ ለእኔ ብሎ ሸሽጎልኛል፣ ያልተመለሰውም እኔን ላለማየት ነው እያልኩ ነው። የሚጠላኝ ሰው እንዳለ ማሰብ አንድ ዓይነት ዕዳ መክፈል ይመስለኝ ነበር። ሲያምነኝ የኖረ መሆኑን፣ እኔን አምኖ በገዛ እጁ ላይ መፍረዱን የነገርከኝ አንተ ነህ።

ይህን ወረቀት ለአዘጋጆቹ ስጣቸው። ስሜን አትሸፍንልኝ።

ፋን ሳንሜይ

ጋርዳያ
ኦክቶበር 2009

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ብዙ ቆየ። ያልመለስኩት ምን ብዬ እንደምጠራዎት ስላጣሁ ነው።

ለአዘጋጆቹ ልኬላቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን አወጡት። በምትኩ “መኪናዋ በመንገድ ላይ አንዳንድ ችግር ገጠማት” ብለዋል። ስለ አበባው መጻፍ ለበዓል መጽሐፍ አይሆንም አሉ። አሁን የአባቴ ስም በመጽሐፉ ውስጥ የትም የለም።

እሱ ግን ስለ መጽሐፉ አልጠየቀኝም። ደብዳቤዎን በስልክ አነበብኩለት። እኔ ይጮኻል ወይም ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ፣ “ደግ ሴት ናት፤ እርጅናዬን አይታ ሸክሙን ልታነሳልኝ ነው” አለ። አላመነዎትም። “አበባ ነፋስ ያሳልፋል” አለኝ። የቡአላምን ምንጣፍ ባስታውሰው “ምንጣፍ ሌላ፣ አበባ ሌላ” አለ። ከዚያ ተመልሶ ደወለ። በሕይወቱ እሱ የደወለልኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

“ጠይቃት” አለኝ። “ጨርቁ ስስ ነበር ወይስ ወፍራም? ስንት እጥፍ ነው? ከሰፌድ ይሰፋል ትላለች፤ የትኛው ሰፌድ?”

የተቆጣ አይመስልም ነበር። እንደ መካኒክ ነው የጠየቀው። እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ስለ ራሴ ምን እንደምልዎት ገና አላውቅም። ለአባቴስ ምን ልበለው?

ሉዎ ሼንግ

ከሸለቆው
ኖቬምበር 2009

ለሹንጌን፣

በልጅህ አፍ መነጋገር ይብቃን። ይህን ለራስህ እጽፋለሁ። እንድትምረኝ አልጠይቅህም፤ ለጥያቄህ ልመልስ ነው።

አበባው አልተጣለም። ወንድምህ ወንበር ሥር ደብቆ ቤት አመጣው። ማቃጠል ፈራን፤ ጭሱን ሰው ያያል። ብርድ ልብሳችንን ለአንተ ሰጥተን ስለነበር አዲስ ጥጥ ስናገኝ ሽፋን አልነበረንም። ስፌቱን ፈትቼ የብርድ ልብስ ሽፋን አደረግኩት። ጎረቤቶች “እንደ ሙሽሮች ቀይ ለብሳችሁ ነው የምትተኙት” እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ወንድምህ እስኪሞት እሱን ለበስን። በእሱ ሥር ሆነን ስምህን ጠርተን አናውቅም።

ሰሞኑን ከጥጡ ላይ ላጥኩት። የድሮው መርፌ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሳቲን የተወጋበትን አይደፍንም። እጥፋቱም ይታያል፤ ተደርቦ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ዛሬም ደማቅ ነው። በቀዳዳዎቹ እየተመራሁ ቅጠል በቅጠል ላይ መልሼ ሰፋሁት። ዓይኔ ስለደከመ ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። መሃሉ ላይ ራዲያተሩ የፈላ ውሃ ተፍቶበት የጠቆረ ቦታ አለ። አበባው ኮፈን ላይ ታስሮ ቢሆን ውሃው እዚያ አይደርስም ነበር። ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

እጥፉን ራስህ ቁጠረው። የትኛው ሰፌድ እንደሆነም እያየኸው ታውቃለህ። ሼንግ ለአዲስ ዓመት ሲመጣ የጭነት መኪና ይዋስና ፊቷ ላይ እሰረው፤ በጎንና በጎንም እንደ እኔ ጠቅጥቀው። ሞተሩን አስነሱና እጅህን በአበባው ፊት አድርግ። ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ማራገቢያ በአበባው በኩል ነፋስ የሚስብ ከሆነ መዳፍህ ያውቀዋል፤ የማይስብ ከሆነም ያውቀዋል። እኔን አትመነኝ። አንድ ጊዜ አምነኸኝ ያመጣብህን አይተሃል። እጅህን እመነው።

የልጅህን ደብዳቤዎችና የእኔን ግልባጮች ከአበባው ጋር በአንድ ሳጥን አድርጌያለሁ። ሳጥኑ ላይ መጀመሪያ የተማርኳቸውን ቃላት ጻፍኩ፤ “ወደ ላይ”፣ “እንዳይረጥብ”። የተቀባዩ ቦታ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል አለ፦

ጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ የበረሃው እርሻ መንደር፣ ለሉዎ ሹንጌን፤ የገጠመው ፓምፕ እንደ ቅቤ ይዞር ለነበረው መካኒክ።